ፎቶው ቀይ፣ ዓይናችን ግራጫ



ወሩ ጥር ነው፣ ሰማዩም ጠርቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከቤት ወጣ ብላችሁ ቀና ብትሉ፣ ከአናታችሁ ብዙም ሳይርቅ በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ታገኛላችሁ። ኦርዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ወገብ ናቸው። ከእነሱ ወደ ደቡብ ዝቅ ስትሉ ደብዘዝ ያሉ ሌሎች ነጥቦች ተከታትለው ይወርዳሉ። ከእነዚህ የመካከለኛውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ጠርዙ የፈዘዘ ነው። ኮከብ አይደለምና። የኦርዮን ኔቡላ ይባላል፤ ከእኛ 1,300 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ዳመና ነው።

አሁን ስሙን ስልካችሁ ላይ ጻፉና ፎቶውን ፈልጉ። ቀይና ሐምራዊ ተቀላቅሎበታል፣ መሐሉ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቁር አቧራ ተጠምዝዟል። ከዚያ ቴሌስኮፕ ያለው ወዳጅ ዘንድ ሄዳችሁ ያንኑ ነገር በዓይናችሁ ተመልከቱ። ግራጫ ነው። ቢበዛ ትንሽ አረንጓዴ ነካ ያደርገዋል።

የዛሬው ዝግጅታችን በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ላይ ያተኩራል። ብዙ ቴሌስኮፕ በተገዛ በሳምንቱ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ የሚቀረው በዚህ ድንጋጤ ይመስለኛል፤ ገዢው ፎቶውን ጠብቆ ግራጫውን አገኘ። ፎቶው እንዴት እንደሚሠራ፣ ዓይናችንም ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ብናውቅ ግን፣ የፎቶውም የዓይኑም ደስታ ይቆየናል። አንድ ነገር ላስቀድም፤ ዓመታቱን ከነወራቸው የምጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ በእኛ ስጠራ እናገራለሁ።

ከዓይናችን እንጀምር። በዓይናችን ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ ቀለም ይለያሉ፣ ነገር ግን ብርሃን ሲያንሳቸው ሥራ ያቆማሉ። ሁለተኞቹ የጨለማ አገልጋዮች ናቸው፤ እጅግ ትንሽ ብርሃን ይበቃቸዋል፣ ቀለም ግን አያውቁም። መብራት በጠፋበት ማታ ከቁም ሳጥን ውስጥ ቀዩን ልብስ ከአረንጓዴው መለየት የሚያቅተን በዚህ ምክንያት ነው።

«ታዲያ ቴሌስኮፑ ምን ሊሠራ መጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በጨለማ የሰፋ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቴሌስኮፕ መስታወት ከዚያ ብሌን ከ450 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ በባዶ ዓይን የማይታዩ ከዋክብት ብቅ ብቅ ይላሉ። ኔቡላ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኮከብ ነጥብ ነው፤ ኔቡላ ግን የተዘረጋ ነገር ነው። ቴሌስኮፑ ብርሃኑን ሲሰበስብ ምስሉንም አብሮ ያሰፋዋል፣ የተሰበሰበውም ብርሃን በሰፋው ምስል ላይ ይበተናል። ኔቡላው ይገዝፋል፣ ዝርዝሩ ይታያል፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ግን በባዶ ዓይን ከሚታየው አይደምቅም። ይህ የመሣሪያው ጥራት ማነስ አይደለም። በብዙ ሺህ ዶላር የተገዛውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ካሜራ የሚበልጠን በትዕግሥቱ ነው። ዓይናችን የተቀበለውን ብርሃን ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ይዞ ይለቀዋል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ካሜራው ግን ሌሊት ጠብ ጠብ በሚል ቧንቧ ሥር እንደተተወ ባልዲ ነው፤ ጠብታው ምንም ቢያንስ ሲነጋ የሆነ ያህል ተጠራቅሞ ይገኛል። የኦርዮንን ቀይ የሚያወጣው ይህ ነው። ቀዩ የሃይድሮጂን ጋዝ የሚረጨው ብርሃን ነው፤ ድሮም እዚያው ነበረ፣ የዓይናችን የጨለማ ሕዋሳት ግን አይመዘግቡትም።

የዚህ ትዕግሥት ትልቁ ምሳሌ በ1995 ታኅሣሥ ተገኘ። የሃብል የጠፈር ቴሌስኮፕን ሥራ የሚመራው ተቋም ዳይሬክተር ሮበርት ዊልያምስ፣ እንደ ዳይሬክተርነቱ በራሱ ውሳኔ የሚጠቀምበት የምልከታ ጊዜ ነበረው። ያን ጊዜ ምንም የሌለበት በሚመስል የሰማይ ቁራሽ ላይ አዋለው። ቁራሹ ከጠቅላላው ሰማይ 24 ሚሊዮንኛ ያህል ነው። ጊዜው በከንቱ ይባክናል ብለው የተቃወሙ ነበሩ፣ አልፈርድባቸውም። ቴሌስኮፑ አሥር ቀን እዚያው ላይ አፍጥጦ 342 ፎቶ አነሳ። ፎቶዎቹ ሲደማመሩ 3,000 ያህል ጋላክሲዎች ወጡ። እያንዳንዱ ጋላክሲ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የያዘ ነው። ሰው ስለ ሰማይ ከሠራቸው ፎቶዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ምንም እንኳ በቀለም ብዙ ቆንጆ የሚባሉ ሌሎች ቢኖሩም።

ቀለሙ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከአድማጮችም ደጋግሞ ይመጣል። «ቀለሙን የቀቡት እነሱ አይደሉም ወይ?» ይባላል። መልሱ አዎም አይደለምም ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

የሃብል ካሜራ በባሕርዩ የሚያነሳው ጥቁርና ነጭ ነው። በፊቱ ማጣሪያ እየተለዋወጠ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ማጣሪያ አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ያሳልፋል። «የፍጥረት ምሰሶዎች» የሚባለውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሦስት ቡናማ የጋዝ ዓምዶች በአረንጓዴና በሰማያዊ ጀርባ ላይ ቆመው የሚታዩበት ነው። በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጄፍ ሄስተርና ፖል ስኮወን በ1995 የሠሩት ነው። የድኝ ብርሃን ለብቻ፣ የሃይድሮጂን ለብቻ፣ የኦክስጅን ለብቻ ተነሣ። ከዚያ ድኙ ቀይ፣ ሃይድሮጂኑ አረንጓዴ፣ ኦክስጅኑ ሰማያዊ እንዲሆን ተመደበና ሦስቱ ተደራረቡ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የድኝና የሃይድሮጂን ብርሃን በዓይን ቢታይ ሁለቱም ቀይ ናቸው። እንዳለ ቢተው ፎቶው በሙሉ ወደ ቀይ ይጠጋና የቱ ጋዝ የት እንዳለ አይለይም። በተለያየ ቀለም ሲመደቡ ግን አዋቂው የጋዙን ካርታ ያነባል፤ የማያውቀውም ውበቱን ያያል። ስለዚህ ቀለሙ የሰው ምርጫ ነው፣ ብርሃኑ ግን የራሱ የሰማዩ ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ያልነበረ ጋዝ ማንም አልጨመረም።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ዋናውን ፎቶ ስታገኙ አረጋግጡ። በአንደኛው ማዕዘን ላይ ደረጃ የመሰለ ጥቁር ቁራጭ ጎድሎበታል። ብዙ ሰው ሳንሱር የተደረገ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያኔ የነበረው ካሜራ አራት ዳሳሾች ነበሩት፤ አንደኛው አነስ ያለውን የሰማይ ክፍል አጥርቶ እንዲያይ የተሠራ ስለነበረ፣ የእሱ ድርሻ ከሦስቱ ጋር ሲገጣጠም ያንሳል። ጎዶሎው የመጣው ከዚያ ነው።

በ2021 በገና ዕለት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ገና፣ የመጠቀው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ ዓይናችን ጨርሶ የማያየውን የሙቀት ብርሃን ነው የሚያነሳው። መስታወቱ 6 ሜትር ተኩል ስፋት አለው፤ በወርቅ የተለበጡ 18 ቁራጮች ተገጣጥመው የሠሩት ነው። እነዚያኑ ምሰሶዎች በ2022 ሲያነሳቸው አቧራው ሳሳና ከውስጥ የተሸሸጉ ወጣት ከዋክብት ወጡ። እዚህ ላይ «እውነተኛ ቀለም» የሚባል ነገር የለም፣ ምክንያቱም የማይታይ ብርሃን ለዓይን ቀለም የለውም። ባለሙያዎቹ ረጅሙን ሞገድ ቀይ፣ አጭሩን ሰማያዊ አድርገው በቅደም ተከተል ይመድቡታል። ሕጉን ካወቃችሁ ፎቶውን ማንበብ ትችላላችሁ።

ከፎቶዎች ሳልወጣ እኛን የሚመለከት አንድ ልንገራችሁ።

በ1974 ሐዳር ላይ በአፋር የተገኘችውን ድንቅነሽን የማያውቅ የለም፤ ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2021 ጥቅምት ያመጠቃትን መንኮራኩር በስሟ «ሉሲ» አላት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ድንቅነሽ የሰውን አመጣጥ እንዳሳየች፣ መንኮራኩሯ ደግሞ ከፀሐይ ቤተሰብ መጀመሪያ የተረፉ ድንጋዮችን ትጎበኛለች። በ2023 ኅዳር 1 ቀን በማርስና በጁፒተር መካከል ካሉት አለቶች በአንዱ አጠገብ፣ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት ገደማ አለፈች። አለቱ ወርዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያንሳል። ስሙም ዲንኪነሽ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ድንቅነሽ ማለት ነው።

ፎቶዎቹ ወደ ምድር ሲደርሱ አለቱ ብቻውን አልነበረም። ትንሽ ጨረቃ ትዞረዋለች። መጀመሪያ የመጣው ፎቶ አንድ ጨረቃ አሳየ። በኋላ የመጡት ከሌላ ማዕዘን ሲታዩ ጨረቃዋ ራሷ ሁለት ተጣብቀው የቆሙ ድንጋዮች ሆና ተገኘች። እንዲህ ያለ ጨረቃ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ስም ሲወጣላት «ሰላም» ተባለች፤ በዲኪካ በተገኘችው፣ የድንቅነሽ ወገን በሆነችው ሕፃን ስም። ዛሬ በስልካችሁ ላይ «ዲንኪነሽ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ታገኟቸዋላችሁ። በጓሮ ቴሌስኮፕ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም፤ እጅግ ደብዛዛ ናት። ለዚህ ለዚህ ፎቶ የግድ ነው።

ሌላው ደስ የሚለው፣ ከእነዚህ ፎቶዎች ብዙዎቹ ለማንም ክፍት መሆናቸው ነው። ጁኖ የተባለችው መንኮራኩር በ2016 ጁፒተር ዘንድ ደርሳ የላከቻቸው ጥሬ ፎቶዎች እንደመጡ ለሕዝብ ሲለቀቁ ቆይተዋል። የምናደንቃቸው ሰማያዊና ወተታማ የጁፒተር አውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ የተቀነባበሩት በናሳ ሠራተኞች ሳይሆን ቤታቸው ኮምፒውተር ላይ በተቀመጡ አማተሮች ነው። ፎቶ ማስተካከል የሚችል፣ ኢንተርኔት ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ ይህን መሥራት ይችላል። ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ግቢያችን እንመለስ።

በ1781 መጋቢት በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለች ከተማ ዊልያም ኸርሸል የተባለ ሙዚቀኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚጫወት ሰው፣ በቤቱ ጓሮ ቆሞ ራሱ በሠራው ቴሌስኮፕ ሰማዩን እየቃኘ ነበር። መስታወቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ነጥብ እንደሌሎቹ ነጥብ ሆና አልታየችውም፤ ክብ ነች። መጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መስላው ነበር። ዩራነስ ነበረች፤ ከጥንት ጀምሮ ከታወቁት ፕላኔቶች ውጭ የተገኘች የመጀመሪያዋ። ዛሬ ጥሩ የሚባለው የጀማሪ ቴሌስኮፕ ስፋቱ ከኸርሸሉ ጋር እኩል ነው፣ መስታወቱ እንዲያውም የተሻለ ብርሃን ያንጸባርቃል።

ለመግዛት ካሰባችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ወይም «675 ጊዜ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ካያችሁ፣ ባትገዙት ይሻላል። የቴሌስኮፕ ዋናው ነገር ማጉላቱ አይደለም፤ የፊቱ ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው። በደንብ የሚሠራው ማጉላት በሚሊ ሜትር ከተለካው ስፋት ሁለት እጥፍ አይዘልም። 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ከ120 በላይ ሲሄድ የምታዩት ትልቅ ብዥታ ነው። ሁለተኛው ነገር ማቆሚያው ነው። ነፋስ ሲነካው የሚንቀጠቀጥ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጥሩውን ሌንስ ከንቱ ያደርገዋል።

ለዚህ መፍትሔ ያመጣው ጆን ዶብሰን የተባለ ሰው ነው፣ ታሪኩ ያስቀኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሂንዱ ገዳም ይኖር የነበረ መነኩሴ ነው። ገንዘብ የለውም። ከመርከብ መስኮት የተረፈ ወፍራም መስታወት እየሞረደ፣ ቱቦውን ከካርቶን፣ ማቆሚያውን ከኮምፖርሳቶ እየሠራ ቴሌስኮፕ አበዛ። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ ለሕፃናት ጨረቃን ማሳየት ሲያበዛ ገዳሙ በ1967 አስወጣው። እሱም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የእግረኛ መንገድ ላይ ቴሌስኮፑን እየዘረጋ መንገደኛውን ሁሉ «ና፣ ሳተርንን እይ» ማለቱን ቀጠለ። እሱ የፈለሰፈው፣ በሳጥን ላይ የሚሽከረከረው ቀላል ማቆሚያ ዛሬ በስሙ ዶብሶንያን ይባላል፤ በዋጋው ልክ ብዙ ብርሃን ከሚሰጡት ዓይነቶች ግንባር ቀደሙ ነው። እንጨት ሠራተኛ ያለበት ከተማ ሁሉ ሳጥኑን መሥራት ይችላል፤ ከውጭ መምጣት ያለባቸው መስታወቶቹና ዓይን የሚጠጋባቸው ትናንሾቹ ሌንሶች ናቸው።

በጀቱ ለቴሌስኮፕ ካልደረሰ ባይናኩላር ይበቃል። 10 በ50 የሚባለው አሥር ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ግን ወደ አገር ውስጥ ለማስገባት ፈቃድ ሊጠየቅበት ስለሚችል፣ ዘመዳችሁ ከመነሳቱ በፊት ጉምሩክን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባይናኩላር ይዞ የኦርዮንን ወገብ፣ የሰባቱን ከዋክብት ስብስብ፣ የጨረቃን ተራሮች ማየት ይቻላል። ክርናችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

አንድ ሁለት የአስተያየት ብልሃቶች ልጨምር። ከመብራት ወጥታችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳትጠብቁ ኔቡላ አትፈልጉ፤ የጨለማ ሕዋሳቱ የሚነቁት ቀስ ብለው ነው። በመሐል ስልካችሁን ብትከፍቱ ያ ሁሉ ጥበቃ ይጠፋል። ደብዛዛውን ነገር ደግሞ በቀጥታ አትዩት። ትንሽ ወደ ጎን ተመልከቱ፤ የጨለማ ሕዋሳቱ የሚበዙት ከዓይን መሐል ውጭ ስለሆነ ዳመናው በዓይናችሁ ጥግ ይወጣል። ሲነግሩት የማይታመን ነገር ነው፣ ሞክሩት። ጨረቃንም ሙሉ ስትሆን አትዩዋት። ያኔ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ጉድጓዱ አይታይም። በመጀመሪያው ሳምንት ብርሃንና ጨለማ በሚለያዩበት መስመር ላይ እዩ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ተመልካች የቦታው ዕድለኛ ነው፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ፕላኔቶች በአናታችን ላይ ያልፋሉ። በ2019 ጁፒተርና ሳተርን ከለንደን ሲታዩ ከአድማሱ 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር ከፍታቸው፤ ከአዲስ አበባ ግን ወደ 60 ዲግሪ ነበሩ። ዝቅ ያለ ፕላኔት በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚታይ ምስሉ ይሟሟል። ዴሚያን ፒች የተባለ ታዋቂ የእንግሊዝ አማተር ፎቶ አንሺ ካሜራና ቴሌስኮፑን ተሸክሞ እስከ ባርባዶስ ደሴት የሄደው ይህን ከፍታ ፍለጋ ነው። እኛ በር ከፍተን እንወጣለን።

በሌላም በኩል ሰሜኑም ደቡቡም የእኛ ነው። በግንቦት መጀመሪያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ሰሜን ዞራችሁ ትልቁ ድብ የሚባለውን የሰባት ከዋክብት ጭልፋ እዩ፤ ከዚያ ባላችሁበት ወደ ደቡብ ዙሩ፣ ደቡባዊው መስቀል ከአድማሱ በላይ ቆሟል። ሁለቱን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ግቢ ማየት ለለንደንም ለኬፕ ታውንም አልተሰጠም። ከመስቀሉ በስተምሥራቅ ከፍ ስትሉ ኦሜጋ ሴንታውሪ አለ። በባይናኩላር ክብ ብናኝ ነው፤ በ20 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ወደ ከዋክብት ይፈረካከሳል። አሥር ሚሊዮን ያህል ከዋክብት የታጨቁበት ሉል ነው። ለንደን ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ከቤቱ አያየውም።

ችግራችን ክረምትና መብራት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዳመናው አያስወጣም፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ተጠቀሙበት። የአዲስ አበባም ሰማይ እየነጣ ነው። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያቋቋመው የምርምር ጣቢያ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ እነሱም የከተማውን ብርሃን ከታቻቸው ይዘው ነው የሚያድሩት። ዋሽንግተንም ሚኒያፖሊስም ያላችሁ አድማጮች ተስፋ አትቁረጡ፤ ጨረቃና ፕላኔቶች የመንገድ መብራት አያሸንፋቸውም። እስራኤል ውስጥ ቤርሳቤህ ያላችሁ ደግሞ ወደ ደቡብ ብትነዱ ሚጽፔ ራሞን አለላችሁ፤ የራሞን ሸለቆ በዓለም አቀፍ ደረጃ ጨለማው የተጠበቀ ሥፍራ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ ቀልድ የለም። በቴሌስኮፕም በባይናኩላርም ያለ ማጣሪያ ለቅጽበት እንኳ አትመልከቱ፤ ብርሃኗ ዓይንን ያቃጥላል፣ የተቃጠለው ቦታ ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ማጣሪያው የሚገባው ከቴሌስኮፑ ፊት ነው። ከርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ ዓይን አጠገብ የሚጠለቀው ጥቁር መስታወት በሙቀት ይሰነጠቃል፤ ካገኛችሁት ጣሉት። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና በታየች ጊዜ የኤክስሬይ ፊልም የያዘም አልጠፋም። የኤክስሬይ ፊልምም፣ ተራ የፀሐይ መነጽርም፣ የጠቆረ ጠርሙስም አይበቃም። ለባዶ ዓይን ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ወይም 14 ቁጥር የብየዳ መስታወት ያስፈልጋል። ካልተገኘ ዛፍ ሥር ቁሙና መሬቱን እዩ፤ በቅጠሎቹ ክፍተት የሚያልፈው ብርሃን የተገመሰችውን ፀሐይ ቅርጽ መሬት ላይ ይደረድረዋል።

ይህን የማነሳው ቀን ስላለን ነው። ነሐሴ 2 ቀን 2027፣ በእኛ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ታላቅ ሙሉ ግርዶሽ አለ። ጥላው በግብፅ በሉክሶር አጠገብ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ጅዳንና መካን ያጨልማል። ጅዳ ያላችሁ ወገኖቻችን ከቤታችሁ ደጃፍ ከ5 ደቂቃ በላይ ሙሉ ጨለማ ታያላችሁ። ለብዙ የሰማይ አፍቃሪዎች በዕድሜ አንዴ የማይገኝ ነው፣ እናንተ ግን የአውሮፕላን ቲኬት አያስፈልጋችሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ በከፊል ነው የሚታየው፤ እሱም ክረምቱ ከፈቀደ።

«አማተር ምን ያገኛል? ሁሉን ናሳ አግኝቶታል» የሚል ካለ፣ ሁለት ሰዎች ልጥቀስለት። ቶማስ ቦፕ በአሪዞና በግንባታ ዕቃ ድርጅት የሚሠራ ሰው ነበር፤ የራሱ ቴሌስኮፕ እንኳ አልነበረውም። በ1995 ሐምሌ በረሃ ላይ በጓደኛው ቴሌስኮፕ ተራውን ጠብቆ ሲያይ፣ ሊኖር የማይገባ ብናኝ አስተዋለ። በዚያው ሌሊት አለን ሄል የተባለ ሌላ ተመልካች አይቶት ነበር። ሄል-ቦፕ የተባለው ጅራታም ኮከብ በ1997 ዓለም በባዶ ዓይኑ ያየው ነው። ሁለተኛው አንቶኒ ዌስሊ ነው፤ በአውስትራሊያ ቤቱ ሆኖ በ2009 ሐምሌ ጁፒተርን ሲያነሳ በደቡብ ዋልታዋ አጠገብ ጥቁር ጠባሳ አየ። አንድ ነገር ፕላኔቷን መትቷት ነበር። እሱ ከነገራቸው በኋላ ነው ሃዋይ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕም ሃብልም ወደዚያ የዞሩት። የትልልቆቹ ቴሌስኮፖች የምልከታ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ከወራት በፊት የተመደበ ነው። ማታ ማታ ጁፒተርን እንዲሁ ለፍቅሯ የሚመለከት ግን አማተሩ ነው።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ጁፒተር ትሁን። የት እንዳለች ስቴላሪየም የተባለው ነፃ የስልክ ፕሮግራም ያሳያችኋል። ባይናኩላሩን አስደግፋችሁ ስታዩ አጠገቧ በአንድ መስመር እስከ አራት የሚደርሱ ነጥቦች አሉ፤ ጋሊሌዮ በ1610 ጥር ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። እሱም መጀመሪያ ያየው ሦስቱን ብቻ ነበር። ወረቀት ላይ ክብ ሥሩ፣ ነጥቦቹን በቦታቸው አስቀምጡ፣ ሰዓቱን ጻፉ። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት እንዲሁ አድርጉ። ለጁፒተር ከአራቱ ይበልጥ የምትቀርባት አዮ አንድ ጊዜ ለመዞር ሁለት ቀን አይሞላባትም፤ ሩቋ ካሊስቶ ግን ወደ 17 ቀን ይፈጅባታል። በሁለት ሳምንት ሥዕል የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ራሳችሁ ትለያላችሁ።

ሥዕሎቻችሁን በተለመደው አድራሻችን ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት አብረን እናያቸዋለን። ሰዓቱን መጻፍ ግን አትርሱ፤ ሰዓት የሌለው ሥዕል ለዚህ ሥራ አይጠቅመንም።